ማግኔት ከጣሳ ሥር፦ ቃሪያዬ ለምን ቀድሞ በቀለ?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ ከ40 ስላለፉ አዲስ የሚገባ ሰው ከየት እንደሚጀምር እየጠፋው ነው፤ ስለዚህ የጠየቅኩትንም የተባለውንም በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። የተቆጣሁበትንም አልደብቅም።

ከጥምቀት ማግስት ቃሪያ ላፈላ ተነሣሁ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለችው ግቢዬ ጠባብ ናት፤ መደብ የሚወጣላት ቦታ ስለሌላት ችግኝ የማፈላው በዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ሁለት ጣሳ ወሰድኩ፣ ሥራቸውን በምስማር በሳሁ፣ አንድ ዓይነት አፈር ሞላሁ፣ ከአንድ ከረጢት የወጣ ማረቆ ፋና የተባለ የቃሪያ ዘር ዘራሁባቸውና አንድ ትሪ ላይ አድርጌ መስኮት ሥር አኖርኳቸው። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ከአንደኛው ሥር ከተበላሸ ስፒከር የፈታሁትን ክብ ማግኔት አስገባሁ። ለምን ብትሉኝ፣ ማግኔት ዘር ያፈጥናል የሚል ቪዲዮ አይቼ ነው። ጣሳውን ገና ሳስጠጋው ከማግኔቱ ጋር ልጥፍ ሲል ነገሩ ያን ጊዜውኑ የሚሠራ መሰለኝ።

በ9ኛው ቀን ማግኔት ያለበት ጣሳ አፈሩ ተሰነጣጠቀና ጎንበስ ያሉ ቀጫጭን አንገቶች ብቅ ብቅ አሉ። ሌላው እስከ 13ኛው ቀን ዝም ብሎ ቆየ። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩና ጠየቅኩ፤ ማግኔት የምር ቡቃያ ያፈጥናል ወይ? ካፈጠነስ በምን በኩል?

መልስ 1 ምስጋና ነው፤ ዘሩን ከየት እንደገዛሁ ጠይቆ ሄደ።

መልስ 2 ዘጌ ውስጥ ቡና ከሚያፈሉ እትዬ መጣ። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። የቡና ዘር እሳቸው ዘንድ ከአፈር ለመውጣት ስድስት ሰባት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን የዘሩ ትኩስነት እንደሆነ፣ ከርሞ የደረቀ ዘር በማንም ጉልበት እንደማይነሣ አስረዱኝ። ለቃሪያው ደግሞ ዘሩን አንድ ሌሊት ለብ ባለ ውሃ መንከር እንደሚሻል መከሩኝ። ማግኔቱን አልነቀፉም፣ አላመሰገኑምም፤ ዝም ብለው አለፉት። ያ ዝምታ ምን ማለት እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

መልስ 3 ግን ምንም ትሕትና አልነበረበትም። ሁለት ጣሳ ሙከራ እንደማይባል፣ ያደረግኩት ዘውድና ጎፈር አንዴ ጥሎ ዕድሌን አወቅሁ እንደማለት መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ ገበሬውን ማግኔት ገዝቶ እንዲከስር እንደሚያደርግ በአንድ ትንፋሽ ጻፈ። እኔም ደሜ ፈላ። በሕይወቱ አንድ ዘር አፍልቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ያ መልስ 4 ነው፣ ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር። መልስ 5 ላይ እሱ የሚስቅ ፊት ብቻ ለጥፎ አለፈ።

መልስ 6 ጸቡን አበረደው። ቆጋ መስኖ አካባቢ የሚሠራ የሰብል ባለሙያ ነው፤ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ፣ ከክሩ ውስጥ ደግሜ ካነበብኳቸው አንዱ ነው። ጥያቄው የሚያሳፍር እንዳልሆነ ካረጋገጠልኝ በኋላ ታሪኩን ከሥሩ አመጣው። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) በ1960 አውደስ የተባለ የእንግሊዝ አገር የዕፅዋት ተመራማሪ የፌጦ ሥር ከጠንካራው የማግኔት ጉልበት ወደ ደካማው በኩል ሲታጠፍ አይቶ ማግኔቶትሮፒዝም የሚል ስም አውጥቶለታል። በ1962 ካናዳ ውስጥ ፒትማን የተባለ ሌላ ተመራማሪ የክረምት ስንዴ ሥሮች ወደ ሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ የመዘርጋት ዝንባሌ እንዳላቸው ጽፏል። ለእኔ ነገር የሚቀርበው ግን በ2007 ስፔን ውስጥ በበቆሎ ዘር ላይ የተሠራው ነው፤ ዘሩ 125 እና 250 ሚሊቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ለሆነ ቋሚ የማግኔት መስክ ተጋልጦ፣ አንዳንዱ ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ አንዳንዱ ሳያቋርጥ፣ ካልተጋለጠው ቀድሞ መብቀሉና ቡቃያውም መርዘሙ ታትሟል። ባለሙያው ይህን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ ፍሬኑን ያዘ። እነዚያ ሰዎች ዘሩን በብዙ ሳህን ከፋፍለው፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን እኩል አድርገው፣ ደጋግመው እንደሠሩት፣ እንደዚያም ሆኖ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ማሳ ላይ ሁልጊዜ የሚሠራ ነገር እንዳልተገኘ አሳሰበ።

መልስ 7 የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ናቸው። ሚሊቴስላ ለብዙዎቻችን ባዶ ቃል እንደሆነ ገብቷቸው መለኪያውን ወደ ሰፈራችን አወረዱት። መሬት ራሷ ማግኔት ናት፤ ባሕር ዳር ላይ መስኳ 36 ወይም 37 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው፤ ማይክሮቴስላ የሚሊቴስላ አንድ ሺህኛ ነው። ስፔኖቹ የተጠቀሙበት 250 ሚሊቴስላ እንግዲህ እኛ ዘወትር ከምንኖርበት 7 ሺህ ጊዜ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው። ቀጥለው እኔ ጨርሶ የማላውቀውን ነገር ጨመሩ። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ፣ ማለትም የማግኔት መርፌ ሳታዘነብል የምትጋደምበት መስመር፣ ከካርታው የምድር ወገብ ጋር አይገጥምም፤ የሚያልፈው በእኛው አገር ላይ ነው። ስለዚህ በነጻ የተንጠለጠለች የማግኔት መርፌ አውሮፓ ላይ አፍንጫዋን ወደ መሬት ስትደፋ፣ እዚህ ጣና ዳር ከጥቂት ዲግሪ በላይ አታዘነብልም፤ ጋደም ብላ ነው የምትቆመው። ከ1958 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የመሬትን መግነጢስ የሚለካ ጣቢያ መኖሩም ለዚሁ ነው፤ ከራሳችን በላይ መቶ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ቀን ቀን የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት የሚጠናው በዚህ መስመር ላይ ነውና። የፒትማን ስንዴ ካናዳ ውስጥ ያገኘው የመስክ አቅጣጫና የእኔ ቃሪያ ሽምብጥ ላይ የሚያገኘው አንድ እንዳልሆነ አስተውሉ ብለው ደመደሙ። ጋሼ ይህን ሁሉ የጻፉት በሞባይል ይመስለኛል፤ ነጥብ የሚባል ነገር የለበትም።

ከዚያ ክሩ ወደ ጎን ሄደ፤ ጎኑ ግን ጥሩ ጎን ነበር። መልስ 8 የልጅነት ጨዋታ አስታወሰን። የስፒከር ማግኔት በሲባጎ አስሮ ሐይቁ ዳር አሸዋ ላይ መጎተት። እኔም አድርጌዋለሁ! ክረምት ሲወጣ ትንንሾቹ ጅረቶች ወደ ጣና የሚገቡበት ቦታ አሸዋው ጥቁር መስመር ያበጃል፤ ማግኔቱን በዚያ መስመር ላይ ስትጎትተው ጢም ያበቅላል። ጢሙ ለስላሳ ነው፤ በጣት ስትነካው ጎንበስ ይልና ተመልሶ ይቆማል። ወረቀት ላይ አራግፈነው ማግኔቱን ከወረቀቱ ሥር ስናንቀሳቅስ እንደ ሠልፈኛ እየተነሣ ይሄድ ነበር። ከማግኔቱ ላይ አጥቦ ማስለቀቅ ግን አይሞከርም፤ የእናቴን የቡና ረከቦት ጨርቅ ያበላሸሁት በዚያ ነው።

መልስ 9 ያ ጥቁር ነገር ከቀዩ አፈራችን የመጣ ብረት ስለሆነ ባሕር ዳር ራሷ ማግኔት ናት፣ ተክሉም ለምዶታል የሚል መላ ምት ጣለ። መልስ 10 ላይ ጋሼ መምህሩ አረሙት። የቀዩ አፈር ብረት በአብዛኛው የዛገ ስለሆነ ለማግኔት እምብዛም አይታዘዝም፤ ጢም የሚሆነው ማግኔታይት የሚባለው ጥቁር ማዕድን ነው፣ ምንጩም ሐይቁን የከበበው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ ነው። ኮምፓስ ይዞ ጥቁር ድንጋይ አጠገብ የቆመ ሰው መርፌዋ ስትሳሳት የሚያየው ለዚህ ነው። ይህችን የድንጋይ ነገር ያዙልኝ፤ ተመልሳ መጥታ ታዋርደኛለች።

መልስ 11 ከኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነው። ሳቁ ከጽሑፉ ይሰማል። ሁለት ነገር አበላሽተሃል አለኝ። አንደኛ፣ የስፒከር ማግኔት ከላይና ከታች በብረት ሳህን የታሸገ ነው፤ የተሠራው ጉልበቱን ሁሉ የስፒከሩ የሽቦ ጥቅል ወደሚንቀሳቀስባት ቀጭን ክፍተት እንዲሰበስብ እንጂ ወደ ውጭ እንዲረጭ አይደለም፤ ሳህኖቹ ካልተፈቱ ወደ ላይ የሚወጣው ትራፊ ነው። ሁለተኛ፣ ጣሳው ቆርቆሮ ነው። ልጥፍ ያለው ማግኔቱ ኃይለኛ ስለሆነልህ ሳይሆን ቆርቆሮው ስለጠጣው ነው፤ ጉልበቱ ወደ አፈሩ ከመውጣት ይልቅ በጣሳው ሥርና ግድግዳ እየታጠፈ ይመለሳል። እኔ ያመንኩበት ምልክት፣ ያ ልጥፍ ማለቱ፣ ማግኔቱ ዘሬ ዘንድ አለመድረሱን ነበር ለካ የነገረኝ። ሰውየው ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ከሚገኘው ሱቁ መጥቼ ከውዳቂው ክምር ማግኔት እንድወስድ ጋበዘኝ፤ ሳህኑን ደግሞ በመዶሻ እንዳልመታው አስጠነቀቀኝ፣ ማግኔቱ የተሠራበት ፌራይት እንደ ሸክላ ነው የሚሰበረው።

መልስ 12 ወረታ አጠገብ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ የሽንኩርት ችግኝ እያፈላች የምትሸጥ ሴት ናት። አራት መስመር ብቻ ጻፈች። ስለ ማግኔት አንድም ቃል የለበትም። ፎቶውን አስፍታ አይታዋለች፤ ማግኔት ያለበት ጣሳ በማግኔቱ ውፍረት ሁለት ጣት ከትሪው ከፍ ብሎ ቆሟል፣ ሌላው ትሪው ውስጥ በተጠራቀመው ውሃ ላይ ተቀምጧል። ከፍ ያለው በምስማር ቀዳዳው ውሃውን ያወርዳል፣ ሥሩ አየር ያገኛል። የተቀመጠው ግን ከሥር እየጠጣ ይጨቀያል፤ የጥር ሌሊት ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ቃሪያን የመሰለ ሙቀት ወዳድ ዘር ይደነዝዛል። እሷ ዋልካ አፈር ላይ ስለምትሠራ መደቡን ከፍ ካላደረገች ዘሩ ውሃ ውስጥ እንደሚቀር በየዓመቱ ታየዋለች። የትኛው ጣሳ ሥር ትሪው እንደረጠበ ሄጄ እንድነካ ነገረችኝ።

ሄጄ ነካሁ። በማግኔቱ ዙሪያ ትሪው ላይ የደረቀ የጭቃ ቀለበት ነበር፤ ከሌላው ጣሳ ሥር ጣቴ ሲገባ ቀዝቃዛ ውሃ አገኘ፣ ጣሳውን ሳነሣው ቀዳዳዎቹ በአረንጓዴ አተላ ተደፍነዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ቁጭ ብዬ ያየሁት ትሪ ነው። እሷ ከወረታ ሆና በስልክ አየችው።

ይህን መልስ 13 ላይ አምኜ ጻፍኩ። ክሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም፤ መልስ 14 ላይ የመልስ 3 ባለቤት ድል አድርጎ ተመለሰ። አሁን ነገሩ ስለ እኔ ጣሳ መሆኑ ቀርቶ የማግኔትና የተክል ነገር በጠቅላላው ተረት መሆኑን ነው ያወጀው። ባለሙያው (መልስ 15) በዚህ ተከፋ። የእኔ ጣሳ ውድቅ መሆኑ ሌላ፣ ጉዳዩ ውድቅ መሆኑ ሌላ ነው። ለምሳሌ በ1996 ኩዝኔትሶቭና ሃሰንስታይን ያሳዩት ነገር አሠራሩ ጭምር የታወቀ ነው። የሥር ጫፍ ውስጥ ያሉ ከባድ የስታርች ቅንጣቶች ወደታች ስለሚዘቅጡ ነው ሥር መሬት በየት በኩል እንደሆነ የሚያውቀው፤ ስታርች ደግሞ ከማግኔት በጥቂቱ የሚሸሽ ነገር ነው፤ በአጭር ርቀት ውስጥ ጉልበቱ በኃይል የሚለዋወጥ መስክ ሲያገኘው ቅንጣቱ ወደ ጎን ይገፋል፣ ሥሩም ቁልቁለቱ ወደዚያ የሆነ መስሎት ይታጠፋል። ሥሩ ታለለ ማለት ይቻላል። እኔ ይህን ሳነብ የመሰለኝ በጨለማ ቤት ውስጥ ደረጃ የሚፈልግ ሰው ነው።

መልስ 16 የተጻፈው በንዴት ቢሆንም ባዶ ንዴት አልነበረም፤ ተቺያችን ማንበቡን አሳየ። በ2007 ዐረቢዶፕሲስ በተባለችው የላቦራቶሪ ተክል ላይ 500 ማይክሮቴስላ የሆነ መስክ ሰማያዊ ብርሃን የሚቀበለውን ክሪፕቶክሮም የተባለ ፕሮቲን ሥራ እንደሚለውጥ ታትሞ እንደነበረ፣ በ2009 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ በጥንቃቄ ደግመው ሲሠሩት ግን ለውጡን እንዳላገኙት አመጣ። 500 ማይክሮቴስላ ከእኛ ሰፈር መስክ 14 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ነው፤ ያም ሆኖ ሁለት ቡድን መስማማት አልቻለም። ባለሙያው መልስ 17 ላይ የ2009ኙን እንደሚያውቀው፣ ስለዚህም ነው መጀመሪያውኑ ፍሬን የያዘው እንደሆነ መለሰ። እዚህ ላይ ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ግን መልስ 18 እና 19 ላይ ስለ ዲግሪና ስለ ትምህርት ቤት መነታረክ ጀመሩ፣ እሱን አልደግመውም። ዘጌ ያሉት እትዬ መልስ 20 ላይ ገብተው ልጆች እያሉ ቡና አፍልተው ጠሩን። ሁለቱም ይቅርታ ጠየቁ፤ አንደኛው ከልቡ ነው።

መልስ 21 ነጋዴ ነው። ከውሃ ቱቦ ላይ የሚታሰር የማግኔት ዕቃ እንደሚሸጥ፣ በውስጡ ያለፈ ውሃ ምርት እንደሚጨምርና ማዳበሪያ እንደሚቀንስ ጻፈ፤ ስልክ ቁጥሩም አልቀረም። መልስ 22 መርዓዊ በኩል ያለ ገበሬ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ከሌላ ሰው ገዝቶ በፓምፑ ቱቦ ላይ ሁለት ወቅት አስሮታል። ድንቹም ያው፣ ማዳበሪያውም ያው፤ አሁን ዕቃው የበር ማቆሚያ ሆኗል። መልስ 23 ጋሼ መምህሩ፤ ብረት ማግኔት ከነካው በኋላ ማግኔትነቱን ይዞ ሊቆይ እንደሚችል፣ ውሃ ግን እንዲህ ያለ ጠባይ እንደሌለው፣ ማግኔቱ ገና ሲርቀው ወደነበረበት እንደሚመለስ ገለጹ። ነጋዴው መልስ 24 ላይ ውጭ አገር ጥናት እንዳለ ተናገረ። የቱ ጥናት፣ በምን አፈር፣ በምን ጨዋማነት ውሃ ላይ ተብሎ ሲጠየቅ ከክሩ ወጣ። ስልክ ቁጥሩንም አብሮ ቢያነሳው ጥሩ ነበር።

መልስ 25 ሙዝ አመጣ። ከከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ የመብራት መስመር ሥር ያለው የአጎቱ ሙዝ ከሰፈሩ ሁሉ እንደሚበልጥ፣ ይህም ከመስመሩ የሚወጣው ማግኔት መሆን እንዳለበት ነው ነገሩ። መልስ 26 ጠጋኙ፤ በመስመሩ ላይ የሚሄደው በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኃይል ስለሆነ መስኩም አብሮ እንደሚመላለስ፣ መሬት ላይ ሲደርስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመሬት የራሷ መስክ እንደሚያንስ አስረዳ። ምክንያቱን ግን የነገረችን የወረታዋ ናት (27)፤ ከመስመር ሥር ረጅም ዛፍ ስለሚቆረጥ ጥላ የለም፣ ቤት ስለማይሠራ ከብት ይውልበታል፣ ፍግ ይጠራቀማል። የአጎትየው ሙዝ ፀሐይና ፍግ አግኝቷል። እኔ ከዚህ በኋላ ይቺን ሴት ስለ ማንኛውም ነገር እጠይቃታለሁ፤ ልጄ ሳል ይዞታል፣ እሱንም ልጠይቃት አስቤ ነበር።

ከ28 እስከ 32 እምቦጭ ነው። ባሕር ዳር ላይ ስለ ተክል ተወርቶ እምቦጭ ሳይነሣ አይቀርም። ማግኔት ተክል የሚያፈጥን ከሆነ የሚገድል ማግኔትስ የለም ወይ ብሎ አንዱ ጠየቀ። ሰዎች በየተራ ጭቃ ውስጥ ገብተው በእጅ የነቀሉበትን ጊዜ አነሡ፣ ስለ ማሽኖቹ መቆም ተማረሩ፣ አንዱ ጢንዚዛ እንዲለቀቅ ጠየቀ፣ ሌላው ጢንዚዛው ምን እንደሚበላ ፈራ። ባለሙያው ዘሩ ጭቃ ውስጥ 15 እና 20 ዓመት ሊቆይ እንደሚችል አስታውሶ፣ የሚያፈጥነው በዋናነት ከማሳና ከከተማ ታጥቦ ሐይቅ የሚገባው ማዳበሪያና ቆሻሻ መሆኑን ተናገረ። ማግኔቱ በዚህ ሁሉ መሐል ጠፋ።

እኔ መልስ 33 ላይ ሁለተኛ ሙከራ መጀመሬን አስታወቅኩ። ቆርቆሮውን ትቼ የፕላስቲክ እርጎ ኩባያ ያዝኩ። ፋሲሎ ሄጄ ከጠጋኙ ማግኔት አመጣሁ፤ ሳህናቸውን ራሱ ፈትቶ ሰጠኝ፣ ሻይ ጋብዞኝ ገንዘብ አልተቀበለኝም። ማግኔት ከሌለባቸው ኩባያዎች ሥር ደግሞ ቁመታቸው እኩል እንዲሆን ውፍረቱ ያው የሆነ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አደረግኩ። ፎቶ ለጠፍኩ፤ ኮራ ብዬ ነበር።

መልስ 34 ጋሼ መምህሩ ናቸው። መልስ 10ን አንብበህ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ብቻ። ጥቁር ድንጋይ! ማግኔት አልባ ነው ብዬ ያስቀመጥኩት ነገር ኮምፓስ የሚያሳስት ባዛልት ነው። የድንጋዩ ጉልበት ከስፒከር ማግኔት ጋር የሚወዳደር እንዳልሆነ እሳቸውም አልካዱም፤ ግን እንጨት እያለ ምን አስገደደህ ነው ነገራቸው። አብዛኛው ስልክ ውስጥ የማግኔት መለኪያ ስላለ በዚያ እንድለካም መከሩኝ። ለካሁ። ግቢው መሐል ቁጥሩ 37 አካባቢ ይዋልላል፤ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ወደ 41 ወጣ፤ ከመስኮቱ ብረት ፍርግርግ አጠገብ ከ50 አለፈ። ማግኔቱ ላይ ሳስጠጋው ቁጥሩ ሽቅብ ተተኮሰና ተንቀጥቅጦ ቆመ፤ ከዚያ በላይ የስልኩ ዓይን አያይም። ለካ የመጀመሪያው ሙከራዬ ማግኔት የሌለበት ጣሳም በመስኮቱ ብረት አጠገብ ነው የከረመው።

ድንጋዩ ወጣ፣ አናጢ ቤት የተቆረጠ ጣውላ ገባ። አምስት ኩባያ ከማግኔት ጋር፣ አምስት ኩባያ ከጣውላ ጋር፣ በእያንዳንዱ 10 ዘር። የማግኔቶቹ ጉልበት ወደ ጣውላዎቹ እንዳይደርስ ሁለቱን ወገን አራርቄ ከመስኮቱ አራቅኳቸው፤ ፀሐይ እንዳያበላልጥ በየቀኑ ቦታ አቀያየርኳቸው። ሥራቸውን በጨርቅ ሸፈንኩና የምትቆጥረው የጎረቤቴ ልጅ የቱ የቱ እንደሆነ ሳታውቅ እንድትቆጥር አደረግኩ፤ ይህ የመልስ 3 ባለቤት ምክር ነው፣ ጥሩ ምክር ነው። በ6ኛው ቀን ዶሮ ገብታ አንዱን የማግኔት ኩባያ ጫረችው። እኩል እንዲሆን ከጣውላውም አንድ አወጣሁ። ተቺያችን ወዲያው (መልስ 36) የትኛውን ጣውላ እንዳወጣሁና በምን እንደመረጥኩ ጠየቀ፤ በደንብ ያልበቀለውን ማውጣት ወይም በደንብ የበቀለውን ማውጣት ውጤቱን ያዛባልና። ዕጣ ያወጣችው ልጅቷ ናት፤ ይህን በማለቴ ደስ ብሎኛል።

ውጤቱ መልስ 37 ላይ አለ። ከሁለቱም ወገን የመጀመሪያው ቡቃያ የታየው በ8ኛው ቀን ጠዋት ነው። በ14ኛው ቀን ማግኔት ላይ ከተዘሩት 40 ዘሮች 33፣ ጣውላ ላይ ከተዘሩት 40 ደግሞ 34 በቅለዋል። ልዩነቱ አንዲት ቃሪያ ናት። ዶሮዋ ብትጨመር ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር ያለ ቀልደኛም ነበር (38)።

መልስ 39 ላይ ባለሙያው ይህ የስፔኑን የበቆሎ ውጤት እንደማያፈርስ ጠቆመ፤ መምህሩም በሒሳብ ደገፉት። ዘሬ ከማግኔቱ አራት ጣት ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ ከማግኔት ራቅ ሲሉ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ዘሩ ዘንድ የደረሰው ከ125 ሚሊቴስላ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ እኔ ያሳየሁት የስፒከር ማግኔት ከእርጎ ኩባያ ሥር ሲቀመጥ ቃሪያ አለማፍጠኑን ነው፤ ከዚያ ያለፈ አይደለም። የመልስ 3 ባለቤት በዚህ ተስማማ። መስማማቱን አላመንኩምና ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ከ40 እስከ 43 ስለ ቃሪያ ክሽክሽ፣ ስለ ዘር ዋጋ መወደድና ስለዚያች ዶሮ ነው። የወረታዋ ሴት ችግኞቹን ወደ መሬት ሳዛውር መደቡን ስንት ጣት ከፍ እንደማደርገው ነገረችኝ፤ እትዬ ለዘጌ ጓሯቸው ጥቂት ችግኝ እንድልክላቸው ጠየቁ፣ እልካለሁ።

መልስ 44 ትናንት ማታ ገባ። አዲስ ሰው ነው፤ የከፈትኩትን ጽሑፍና ፎቶውን ብቻ አንብቧል። በዚያው ዕለት አራት የስፒከር ማግኔት ገዝቶ ከሽንኩርት ዘሩ ሥር እንዳስቀመጠ ነግሮን፣ የማግኔቱ የትኛው ፊት ወደ ላይ መሆን እንዳለበት ጠየቀ። ትሪው ውስጥ ውሃ እንዳይጠራቀም መልስ 12ን እንዲያነብ ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰም።